ነጩ ባርኔጣ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የፔኒያሚና ጆሮ ግን ያን ሐሙስ ጠዋት ከባለቤቱ ጋር ታረቀና መስማት የማይገባውን ሰማ። በሰፈራችን ሱቅ ውስጥ፣ ከመጨረሻው መደርደሪያ ኋላ ተንበርክኮ ርካሹን የቆርቆሮ ዓሣ እየፈለገ ነበር። ርካሽ የሚባልም አልቀረም። ሰኞ ምድር ከተንቀጠቀጠች ወዲህ ሰው ሁሉ ወደ ኮረብታው የሚወስደውን ስንቅ ስለሚገዛ፣ አንድ ዶላር ከሃያ የነበረው ጣሳ አንድ ከሰባ አምስት ገብቷል። ጉልበቱን እያሻሸ ዋጋውን ሲያነብ፣ ከመደርደሪያው ወዲያ ሁለት ሴቶች ሩዝ እያስመዘኑ ያወሩ ነበር። አንደኛዋ ሳፒና ናት፤ ድምጿ ግድግዳ ይበሳል።

"ዛሬም እሱ ነው አሉ የሚደውለው።"

"ማን?"

"ፔኒያሚና ነዋ! ሚስቱን በደወል የገደላት።"

"ኧረ ሳፒና፣ እግዜርን ፍሪ!"

"ምን አልኩ? ውሸት ነው? ሰው ወደ ላይ ሲሮጥ እሱ ሚስቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ጠራት። እኔማ ልጆቼን ነግሬያቸዋለሁ። የሱን ደወል ስትሰሙ ጆሯችሁን ይዛችሁ ሽቅብ ነው ያልኳቸው።"

ሴቶቹ ከፍለው እስኪወጡ ድረስ ፔኒያሚና እንደተንበረከከ ቆየ። ከዚያ ሁለት ጣሳ ይዞ ተነሣ፣ ከፈለና ወጣ። ባለሱቋ ሒሳቡን ስትቀበለው ዓይኑን እንዳላየችው እኔ አይቻለሁ፤ ዳቦ ልገዛ ከኋላው ቆሜ ነበር። ጎረቤቱ ነኝ። የእሱንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ ረድፍ ሙዝ ነው። እዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና በኋላ እሱ ራሱ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ የነገረኝን ነው፤ የራሴን ብጨምር ትንሽ ነው።

ሳፒና ያለችውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ በሹክሹክታ ነው እንጂ። ከዐሥር ዓመት በፊት ያ የባሕር ማዕበል ወደ ደሴታችን፣ ወደ ፓንጎ ፓንጎ ወሽመጥ የገባ ጠዋት፣ ፔኒያሚና ባሕሩ ከዳር ሲሸሽና ጭቃው ላይ ዓሣ ሲፈራገጥ አየ። ደወላችን ደወል ተብሎ ይጠራል እንጂ ቂጡ የተቆረጠ አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለው ትልቅ ዛፍ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ሮጦ ሄዶ በብረት ዘንጉ መታው። ሌላ ምን ያድርግ? ሰው ለመቀስቀስ ያለን እሱ ብቻ ነበር። ነገር ግን ያ ሳምንት የሴቶች የማለዳ ጸሎት ሳምንት ነበረ፤ በዚያ ሰዓት ያ ድምፅ የሚለው "ኑ፣ እንጸልይ" ነው እንጂ "ሽሹ" አይደለም። ፊታቸውን ሳይታጠቡ ሽቅብ የሮጡ ተረፉ። መጽሐፋቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ጥቂት ሴቶች ነበሩ፤ ከነዚያ ውስጥ ውሃው የወሰዳት የፔኒያሚናን ሚስት ላንጊማይናን ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ስትገኝ፣ የነጭ ባርኔጣዋ ማሰሪያ በእጇ አንጓ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። በእኛ ዘንድ ሴት ነጭ ባርኔጣ የምታወጣው ወደ እግዚአብሔር ቤት ስትሄድ ነው። ስለዚህ ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ደወሉን ሰማች፣ ለጸሎት መሰላት፣ ባርኔጣዋን ይዛ ሄደች።

ፔኒያሚና ከዚያ ወዲህ መደወሉን አልተወም፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አንተ ነህ ስላሉት እሺ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን አልገባም። ይደውልና ዛፉ ሥር፣ ሥሩ እንደ በርጩማ ወጣ ያለበት ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ ስብከቱንና መዝሙሩን በመስኮት ይሰማል። ሰው ትሕትና ነው ይላል። ትሕትና አልነበረም። ከፊት ሦስተኛውን አግዳሚ ማየት አይችልም ነበር፤ የላንጊማይና ቦታ ነበራ። ጸሎቱም ቢሆን በአፉ ብቻ ቀረ። ከአፉ በታች፣ ሆዱ ውስጥ፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ነበረች፦ "ጌታ ሆይ፣ የእኔን ደወል ያንተ መስሏት ስትመጣ ለምን ዝም አልክ?" መልስ የማይመልስን ጌታ ማመኑን ግን መተው አልቻለም፤ ለመተው ሌላ የሚሄድበት ያስፈልገው ነበር።

ቀትር ላይ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስብሰባ ነበረ። ከሰኞ ወዲህ ምድር በቀን ሦስትና አራት ጊዜ እንደ በሽተኛ ትነቃነቃለች። ሬዲዮው ተረጋጉም ተዘጋጁም ይላል፤ ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደምናደርግ ግን አይነግረንም። ግማሹ ሰው ኮረብታው ላይ ድንኳን ዘርግቶ ያድራል። የከተማው ሳይረን ድምፅ እኛ ወዳለንበት የወሽመጥ ጥግ እስኪደርስ ይደክማል፤ ስለዚህ ተስፋችን እንደ ድሮው ሲሊንደሩ ነው። መጋቢው ደንብ አወጣ፦ ቀስ ያለ የደወል አመታት ለጸሎት፣ የተጣደፈ አመታት ለኮረብታ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ፔኒያሚና ከበሩ አጠገብ ብድግ አለና የብረት ዘንጉን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘንጉን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ።"

"እጅህ ምን ሆነ ፔኒያሚና?"

"እጄ ደህና ነው።"

"ታዲያ ፈርተህ ነው?"

"አዎን፣ ፈርቻለሁ። እግዚአብሔርን አይደለም መጋቢ፤ ደወሉን ነው የምፈራው።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ። መጋቢው ጥሩ ሰው ነው፣ ችግሩ ለሁሉም ነገር ጥቅስ አለው። "በፍቅር ፍርሃት የለም" ሊል አፉን ሲከፍት የፔኒያሚናን ፊት አየና ጥቅሱን ዋጠው። "እስከ እሑድ ቻለው" አለው። ፔኒያሚናም "የዛሬን ማታ እደውላለሁ። ከነገ ጀምሮ ግን አልችልም" ብሎ ዘንጉን መልሶ አነሣ። እኔ ከዚያ አዳራሽ ስወጣ ያዘንኩት ለእሱ ብቻ አልነበረም። ሁላችንም ለዐሥር ዓመት በዚያ ሰው ድምፅ ስንነሣና ስንተኛ፣ አንድ ቀን እንኳ "አንተ አይደለህም" ያለው ሰው አልነበረም።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ልጁ ማሬታ ከወሽመጡ ማዶ ባለው የዓሣ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ጠዋት ወጥታ ሲመሽ፣ የቱና ዓሣ ሽታዋን ይዛ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው የላንጊማይና ታናሽ እኅት ፉአቲኖ ናት። ከማዕበሉ ወዲህ አብራቸው ትኖራለች። ያን ጠዋት ዳሌዋ ተሰብሮ በደንብ አልተጠገነላትም፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። መስኮቱ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ቅጠል ትሰነጥቃለች፣ ትጎነጉናለች። እሷና ፔኒያሚና በአንድ ጣሪያ ሥር ዐሥር ዓመት ኖረው የተነጋገሩት ስለ ዝናብ፣ ገበያ ስለሚሸጠው የታሮ ሥር ዋጋና ስለ ማሬታ ጉንፋን ብቻ ነው። ስለዚያ ጠዋት አንዲት ቃል ተነስታ አታውቅም። እሱ፣ እኅቷን ያሳጣኋት እኔ ነኝ፣ ምን አፍ አለኝ ይላል በልቡ። እሷ ዝም የምትለው ደግሞ ከቂም ይመስለዋል። ግድግዳው ላይ የላንጊማይና ፎቶግራፍ አለ፤ ፉአቲኖ ሁልጊዜ ጀርባዋን ለፎቶግራፉ ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። ይህንንም ከቂም ቆጥሮት ነበር።

ያን ቀን ከስብሰባው ሲመለስ የተቀቀለ ሙዝ በኮኮናት ወተት አቀረበችለት። እሱ ሲበላ እሷ እጇ ላይ ያለውን ቅጠል መሰንጠቅ አቆመች።

"ዘንጉን ልታስረክብ ነው አሉ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ወሬ ከኔ እግር ይፈጥናል።"

"አዎ። የዛሬ ማታው የመጨረሻዬ ነው።"

"በሰው አፍ ምክንያት ነው?"

"ሰው ምን አለ? ያየውን ነው የሚያወራው።"

ፉአቲኖ አንገቷን ደፋች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ፔኒያሚና ማንኪያውን ይዞ ጠበቃት፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ስድቡ ዛሬ ሊመጣ ነው ብሎ። እሷ ግን "ይቀዘቅዝብሃል፣ ብላ" ብላ ወደ ቅጠሏ ተመለሰች። ሆድ ይፍጀው የሚሉት ነገር ሆድን ራሱን እንደሚፈጅ የዚያች ሴት ፊት ይመሰክር ነበር። ከሰዓቱን በሙሉ ዘነበ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ማውራት ስለማይቻል ሁለቱም ደስ አላቸው።

ሊመሽ ሲል ዝናቡ አቆመ። ለማታው ጸሎት ሲደወል ሰው ሁሉ ከመንገድ ወደየቤቱ ይገባና ቤተሰብ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ነው። ፔኒያሚና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ዛፉ ሄደ። ዘንጉን ከማንሣቱ በፊት ምድር ተንቀጠቀጠች። የሰኞው ዓይነት አልነበረም። አንድ አባታችን ሆይ የሚያስጨርስ ነበር። ከዛፉ ላይ የዝናቡ ውሃ ረገፈ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መስኮቶች ተንጫጩ፣ ሲሊንደሩ ሰው ሳይነካው በሰንሰለቱ ላይ ተወዛወዘና ከግንዱ ጋር ተጋጭቶ አንድ ጊዜ ጮኸ። የፈሩት ይደርሳል። ፔኒያሚና ዘንጉን እንደያዘ ክንዱ አልነሣም አለው። ብመታው ማን ወዴት ይሄዳል? ባልመታውስ? "ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ዝም ልትል ነው?" አለ፣ በድምፅ። ዝም ነበር። በዝምታው ውስጥ ግን ክንዱ ተነሣ። እንዴት እንደተነሣ እስከ ዛሬ አያውቀውም።

መታ። ሳያቋርጥ፣ እጁ እስኪላጥ መታ። በየበሩ ሰው ፈሰሰ፤ ሕፃን የታቀፈ፣ የሬዲዮውን ገመድ የሚጎትት፣ ድስቱን ከነክዳኑ የያዘ። እኔም እናቴን ደግፌ በዛፉ አጠገብ አለፍኩ። ሁሉም ወደ ኮረብታው ደረጃ ነበር የሚሄደው፤ ደንቡ ሠርቷል። ፔኒያሚና ደስ ሊለው ሲል፣ ከሰዉ ጎርፍ ተቃራኒ፣ በምርኩዝ እየተንገታገተ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወርድ አንድ ነጭ ባርኔጣ አየ።

"ፉአቲኖ! ወደ ላይ ነው! ወደ ላይ!" ብሎ ጮኸ። አልዞረችም። በሩን ገፍታ ገባች።

መምታቱን ማቆም አልቻለም፤ ከታችኛው መንደር ገና የሚመጡ ነበሩ። የመጨረሻዎቹ እስኪያልፉ መታ። ከዚያ ዘንጉን ጥሎ፣ ዐሥር ዓመት ያልረገጠውን ደፍ ተሻገረ። ውስጡ የእርጥብ ምንጣፍና የሰም ሽታ ይሸታል፣ ሊጨልም ነው። ከፊት ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ፉአቲኖ ተቀምጣለች።

"ማንም የለም" አለችው። "ሁሉንም ወንበር አይቻለሁ። የድሮው ለምዶበት የሚገባ ሰው ቢኖር ልመልስ ብዬ ነው የመጣሁት።"

"አንቺስ? ተነሺ እንጂ!"

"እግሬ እምቢ አለኝ። አንተ ሂድ።"

"ተነሺ አልኩሽ!"

"ያን ቀንም እዚህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ ፔኒያሚና።" ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ የተለማመደችው ነገር ነበር። "ላንጊማይና አልተሳሳተችም። ደረጃው ላይ ደርሳ ነበር። ተሳስቼ ለጸሎት ብዬ የገባሁት እኔ ነኝ፤ እሷ እኔን ብታጣኝ ጊዜ ተመለሰች። ተነሺ ስትለኝ፣ ባርኔጣዬ ከአግዳሚው ሥር ወድቆ፣ እሱን ሳልይዝ አልወጣም ብዬ ተጨቃጨቅኳት። 'እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ውጪ' አለችኝ። በኋላው በር ወደ ውጪ ገፋችኝ። እኔን ውሃው ከግንቡ ጋር አላትሞ ተወኝ። እሷን..." እጇን ራሷ ላይ ወዳለው ባርኔጣ ሰደደች። "እጇ ላይ የነበረው ባርኔጣ የኔ ነው። የእሷማ እቤት ሳጥን ውስጥ ነበር። ይኸው፣ ራሴ ላይ ያለው የእሷው ነው።"

እኅትማማቾቹ ከአንድ ጨርቅ፣ በአንድ ልክ ነበር ያሰፉት። ለይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ፔኒያሚና ቆሞ ቀረ። ዐሥር ዓመት። ሱቁ ውስጥ መንበርከኩ፣ ዛፉ ሥር መቀመጡ፣ ለጌታ ያቀረባት ያች ጥያቄ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡበት። ትቷት ሊወጣ አንድ እርምጃ እንደተራመደ አልደበቀኝም። ከዚያ ግን ተመለሰ፣ ጀርባውን ሰጣትና ዝቅ አለ።

"ውጪ ጀርባዬ ላይ።"

"ተወኝ።"

"ውጪ! ደግሞ በባርኔጣ ልንጨቃጨቅ ነው?"

ባርኔጣውን አውልቃ አግዳሚው ላይ ተወችው፤ አንገቱንም ያዘች። ከኮረብታው ላይ ሆነን፣ የሥልሳ ስምንት ዓመቱ ሰውዬ አንዲት ሴት አዝሎ ደረጃውን ሲወጣ አየን። ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለተኛ ጊዜ ሲቆም ሊያወርዳት አስቦ ነበር፤ ከድካም አይደለም፣ ንዴቱ እንደገና መጥቶበት ነው። ያኔ ጆሮው ሥር "ከበድኩህ?" አለችው።

"ዐሥር ዓመት ሲሊንደሩን ነው የተሸከምኩት" አላት እየተነፈሰ። "አንቺ ከሱ ትቀያለሽ።"

ወርጄ ልቀበለው ብል አልሰጠኝም። ላይ ደርሶ ሲያስቀምጣት ሳፒና ምንጣፏ ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው። እሷም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጆቿን ደጋግማ ስትቆጥር ነበር። ፉአቲኖ ምንጣፉ ላይ ሳትደላደል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለችውን ደገመችው። አንድም ሳታስቀር። ባርኔጣውንም፣ ጭቅጭቁንም። ሳፒና ሻሿን አፏ ላይ ያዘች። ከታች ወሽመጡ ጠቁሮ ተኝቷል።

ቆይቶ ፔኒያሚና ጠየቃት። "ሌላስ ምን አለች?"

"ባርኔጣውን ልታነሣ ከመጎንበሷ በፊት ነው። እኔ 'ለጸሎት ነው እኮ የተደወለው' ስላት፣ 'ተነሺ አንቺ፣ አመታቱ አይሰማሽም? እሱ በከንቱ አይመታም' አለችኝ።"

"እሱ አለች?"

"እሱ አለች። አንተን ይሁን እግዜርን እንጃ። ልጠይቃት ጊዜ አልነበረም።"

ፔኒያሚና አለቀሰ። ሽማግሌ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ፊቱንም አልሸፈነም። ሰምታው ነበር። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የእጁን ድንጋጤ ለይታ የሰማችው እሷ ነበረች፤ መስማቷ ግን አላዳናት። ያን ማታ ይህን የሚያጽናና ቃል መጋቢውም አልነበረውም፤ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ዝም አለ። በዕድሜው ከሰበካቸው ሁሉ ያ የተሻለ ስብከት ነበር።

ባሕሩ አልመጣም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሬዲዮው አደጋው አልፏል አለ፤ ማሬታም ከማዶው ኮረብታ ደህና ነኝ ብላ በስልክ ደወለች። ሰው ለመውረድ ፈራ። "ለጸሎት ቢደወልልን እንወርድ ነበር" አለ አንድ ሰው፣ ወደ ማንም ሳያይ። ፔኒያሚና ብድግ አለ። ብቻውን ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ከታች መጣ፤ ቀስ ያለ፣ የተራራቀ፣ የጸሎት አመታት። ኮረብታው ላይ ሁሉም ራሱን ዝቅ አደረገ። ማንም አልሮጠም።

ደወሉ አብቅቶ እሱ ሳይመለስ ቆየ። ፉአቲኖ በዓይኗ ብትለምነኝ ጊዜ ልፈልገው ወረድኩ። ዛፉ ሥር አልነበረም። በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳይ፣ ከፊት ሦስተኛው አግዳሚ ላይ፣ የሚስቱን ባርኔጣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። "አባታችን ሆይ" ሲል ሰማሁት፣ በድምፅ። "እኛም የበደሉንን" ላይ ሲደርስ አቋረጠ፤ ባርኔጣውን አገላብጦ አየው። ከዚያ ከዚያው ቀጠለ። በሩ ላይ ቆሜ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።